ማስተካከያ፦ መንግሥት ቢዘጋም የዜግነት ቀጠሮ አይቀርም

ስለ አሜሪካ መንግሥት መዘጋት (ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በበጀት ምክንያት ሥራ ማቆማቸው) ባለፈው ስጽፍ ሁለት ነገር ተሳስቻለሁ። «የብድር ጣሪያው (መንግሥት ሊበደር የሚፈቀድለት ከፍተኛ መጠን) ሲሞላ መንግሥት ይዘጋል» ብያለሁ። «የኢሚግሬሽን ቢሮም አብሮ ይዘጋል» ብዬ ጨምሬያለሁ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መንግሥት የሚዘጋው ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ኦክቶበር 1 ሲደርስ ወይም ጊዜያዊው በጀት ሲያልቅ ነው። ካዝናው ባዶ ሆኖ አይደለም፤ ኮንግረስ ያልፈቀደውን ገንዘብ ማውጣት ሕጉ ስለሚከለክል ነው። በጀት ለማሳለፍ ሴኔት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ100ው 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አናሳው ፓርቲም መደራደሪያ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2025 ለ43 ቀናት የተዘጋው ሁለቱ ፓርቲዎች በጤና መድን ድጎማ ላይ መስማማት አቅቷቸው ነበር። የብድር ጣሪያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ቀድሞ የተፈቀደ ወጪን ለመክፈል መበደርን ይመለከታል።

የዜግነትና የግሪን ካርድ ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤት በአብዛኛው የሚሠራው አመልካቾች በሚከፍሉት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሥራው ይቀጥላል። ይህን ያገኘሁት ከመሥሪያ ቤቱ ይፋዊ ማስታወቂያ ነው፤ የበጀቱን ደግሞ ከሕጉ።

በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው፦ እኔን አምናችሁ ከቀጠሮ ለመቅረት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሂዱ። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ማመልከቻው ሊዘጋበት ይችላል። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን ለብቻው ነው። በ2018–19ኙ መዘጋት ያልታሰሩ ሰዎች ችሎት ተሰርዞ ነበር። ፍርድ ቤት ጉዳይ ያላችሁ ጠበቃችሁን ጠይቁ።