የሚሞላው ረግረግ ትንሽ ነው ለሚሉ

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ከሸቦይገን ከተማ በስተደቡብ፣ በሚቺጋን ሐይቅና ብላክ በሚባለው ወንዝ መካከል ስፋቱ 100 ሄክታር ገደማ የሆነ ደን ይገኛል። ባለቤቱ በመታጠቢያ ቤት ዕቃዎቹ የሚታወቀው ኮለር ኩባንያ ሲሆን፣ በስፍራው ባለ 18 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ለመሥራት ያወጣው ዕቅድ ከአካባቢው ነዋሪዎች ጋር ለዓመታት አሟግቶታል። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ከረግረጋማው መሬት 1.5 ሄክታር ያህሉ በአፈር እንዲሞላ ፈቀደ፤ በመጋቢት 2019 ግን አንድ የአስተዳደር ዳኛ ፈቃዱን ሻሩት። የዳኛው ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የምለው ለዛፍና ለወፍ በመራራት ብቻ አይደለም።

የዕቅዱ ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ቁጥሩን ነው፤ ከ100 ሄክታር ውስጥ የሚሞላው 1.5 ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን ይላሉ። ሒሳቡ ልክ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ዳርቻ ውኃው የሚያቁረው በረጃጅም የአሸዋ ጉብታዎች መካከል ባሉ ጎድጓዳ ቦታዎች ሲሆን፣ እነዚህ ጎድጓዶች ከላይ ሲታዩ የተለያዩ ቢመስሉም ከሥር የሚያገናኛቸው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የጎልፍ ሣር ደግሞ እንደ መስክ ሣር የዝናብን ደጅ እየጠና የሚያድር አይደለም፤ ያለማቋረጥ ይታጨዳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ይሰጠዋል። ለሜዳው ሲባል የደኑ ሰፊ ክፍል ከተመነጠረና በምትኩ እንዲህ ያለ ሣር በአሸዋ ላይ ከተተከለ፣ በመስኖውና በዝናቡ የሚታጠበው ኬሚካል ወደ ሥር ሰርጎ፣ በካርታው ላይ «ያልተነካ» ተብሎ ወደተቀለመው ረግረግ ሊደርስ ይችላል። የጉዳቱ ልክ መታወቅ ያለበትም ከተሞላው ስፋት ሳይሆን ከዚህ የውኃ ጉዞ ነው።

የዳኛው ውሳኔም ያረፈው በዚህ ላይ ነው፦ መሥሪያ ቤቱ ፈቃዱን ሲሰጥ ጉዳቱን ለመመዘን የሚያበቃ መረጃ በእጁ አልነበረም። የማስረዳት ግዴታው የአመልካቹ ነው፤ ማስረዳቱም ከፈቃዱ መቅደም አለበት። «ይፈቀድና ችግር ከታየ ይታረማል» የሚለው አሠራር የት እንደሚያደርስ ለማየት ወደ ስኮትላንድ መሻገር ይቻላል። በአበርዲን አቅራቢያ፣ ሜኒ በተባለው ስፍራ፣ በነፋስ እየተገፋ ቦታውን የሚቀያይር በሕግ የተጠበቀ የአሸዋ ጉብታ ነበር። የስኮትላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ኢኮኖሚያዊ ጥቅሙ ከተፈጥሮ ጉዳቱ ይበልጣል ብሎ ለዶናልድ ትራምፕ የጎልፍ ዕቅድ ፈቃድ ሰጠ። በጥቅሙ በኩል ከተቆጠሩት መካከል 450 ክፍል ያለው ሆቴልና 6,000 ያህል የሥራ ዕድል ይገኙበታል። ሜዳው በ2012 ተከፈተ፤ ያ ትልቅ ሆቴል ግን አልተሠራም። ለጨዋታው ሲባል አሸዋው እንዳይንቀሳቀስ ተደረገ፤ በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስፍራው ልዩ ያደረገውን ባሕርይ አጥቷል ብሎ የጥበቃ ደረጃውን አነሣበት። ጥቅሙ ተስፋ ነበር፣ ጉዳቱ ግን ከመጀመሪያውም እርግጥ ነበር፤ ሁለቱ እኩል እንደሚታወቁ ተደርገው ተመዘኑ።

ጎልፍን በጅምላ ለማውገዝ አይደለም። ኮለር ራሱ ከሸቦይገን በስተሰሜን ያሠራው ዊስሊንግ ስትሬይትስ በ2021 የራይደር ካፕን ውድድር ያስተናገደ ዝነኛ ሜዳ ነው፤ እንግዳ ያመጣል፣ ሆቴሉንም ገበያውንም ያንቀሳቅሳል። ይህ ሜዳ የተሠራው ቀድሞ የጦር ሠራዊት የፀረ አውሮፕላን ማሠልጠኛ በነበረ ለጥ ያለ መሬት ላይ ነው። የዛሬው ጉብታና ሸለቆ በማሽን የተቆለለና የተቆፈረ ሆኖ ሳለ፣ የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ይሽቀዳደሙበታል። እንዲህ ያለ ልምድ ያለው ኩባንያ የተፈጥሮ ደን ካልመነጠርኩ ጥሩ ሜዳ አይወጣኝም ቢል ማን ያምነዋል? የግል ይዞታው ነው የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ ነገር ግን የከርሰ ምድሩ ውኃ አጥር አያውቅም፣ ዕቅዱም በራሱ ይዞታ ተወስኖ አልቀረም።

ኩባንያው ለመግቢያ መንገድና ለጥገና ሕንፃ አጎራባች ከሆነው ኮለር አንድሬ የሕዝብ መናፈሻ 2 ሄክታር ገደማ መሬት ፈልጎ፣ በምትኩ ሌላ ሰፋ ያለ ቦታ ለመስጠት ከግዛቱ ጋር ተስማማ። የመናፈሻው ተጠቃሚዎች ልውውጡን ተቃውመው ሲከሱ፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 በጠቀሷቸው ሕጎች መሠረት የመክሰስ መብት የላቸውም አለ። ልውውጡ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በዚህ ውሳኔ አልተመለሰም። የሕዝብ መሬት ለግል ድርጅት ሲተላለፍ፣ በዚያ መሬት ሲጠቀም የኖረ ሰው አቤት የሚልበት ደጅ ከሌለ፣ መሥሪያ ቤቱ ማስረጃ እንዲያሟላ የሚያስገድደው ማን ነው? የዊስኮንሲን ሕግ አውጪዎች የመናፈሻ ተጠቃሚዎችና አጎራባች ነዋሪዎች እንዲህ ባለው ዝውውር ላይ መክሰስ እንደሚችሉ በግልጽ ሊደነግጉ ይገባል፤ ይህም የሚጠቅመው ቀጣዩ አመልካች ከመምጣቱ በፊት ከተደረገ ነው።