የለንደኑ የመርከብ እርዳታ ኮምቦልቻ ደርሷል ወይ? (ክርክር)

አይኤምኦ ሚባለው ለንደን ያለው የተባበሩት መንግስታት የባህር ትራንስፖርት ድርጅት ለታዳጊ ሀገራት «የቴክኒክ ትብብር» ይሰጣል። ባለሙያ ያሰለጥናል፣ ህግ ሲረቀቅ ያግዛል፣ አማካሪ ይልካል። ባህር የሌላት ሀገራችን ከዚህ ምታገኘው ነገር አለ ወይስ የለም? ተከራካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ኮምቦልቻ ላይ እድሜያቸውን ሙሉ በትራንዚተርነት የሰሩ አባት፣ ሌላው የደሴ ልጅ፣ የውጭ መርከብ ላይ በኤሌክትሪክ ባለሙያነት የሚሰራና አሁን ለእረፍት ቤተሰቡ ጋ ያለ።

ትራንዚተሩ፦ እኔ ከራሴ ልጀምር። በፈረንጆቹ ጁላይ 2016 አንድ ህግ ስራ ላይ ዋለ፣ ኮንቴነር ተመዝኖ ትክክለኛ ክብደቱ በወረቀት ካልቀረበ መርከብ ላይ አይጫንም የሚል፣ ቪጂኤም ይሉታል። ህጉን አልቃወምም፣ ክብደቱ የተዋሸ ኮንቴነር ከስር ከተደረደረ ይደረመሳል፣ ሰው ይገድላል። ግን እኔ ይሄን ህግ መቼ ሰማሁት? የደንበኛዬ ማሾ ጅቡቲ ደርሶ መርከቡ ጥሎት ከሄደ በኋላ! ማን ይመዝናል፣ ሙሉውን ነው ሚመዘነው ወይስ የጆንያውን ክብደት ደምሮ የባዶ ኮንቴነሩን መጨመር ይቻላል (ሁለቱም እንደሚቻል ኋላ ላይ ነው ያወቅኩት)፣ ማን ይፈርማል፣ አንድም ሰው ነግሮን አያውቅም። ሰውየው የኮንቴነር ኪራይና የወደብ ኪራይ ሲከፍል ከረመ፣ ገበሬውም የቀረውን ሂሳብ ሲጠብቅ ከረመ። እኛ እኮ ከ1975 ጀምሮ የዚህ ድርጅት አባል ነን። ህጉ ሚወጣበት ስብሰባ ላይ ወንበር አለን፣ ስልጠናውም በየጊዜው አለ ይባላል። ታዲያ ያ እውቀት የት ነው ሚቀረው? ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አበል ተፈርሞበት ይቀራል ነው የኔ መልስ።

ባህረኛው፦ ጋሼ የማሾው ነገር በጣም ያሳዝናል፣ እኔም እንደዛ አይነት ነገር ሰምቻለሁ። ግን እርስዎ ትብብሩን ሚለኩት በእቃ ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ በሰው እለካዋለሁ። እኔ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሁለት አመት ፒያሳ ላይ ሲቪ ይዤ የዞርኩ ልጅ ነኝ። ከዛ ባህር ዳር ጣና ዳር ያለው የማሪታይም አካዳሚ ገባሁ፣ እሳት ማጥፋት፣ ውሃ ውስጥ ህይወት ማዳን፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የመርከብ ኤሌክትሪክ ምናምን ተማርኩ፣ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፣ ዛሬ ከፊሊፒንሱም ከህንዱም እኩል ቆሜ እሰራለሁ። ያ ወረቀት ለምን እንደሚሰራ ልንገርዎት። ኤስቲሲደብሊው ሚባል የባህረኞች ስልጠና ስምምነት አለ፣ 1978 የወጣ፣ 1995 እና 2010 በደንብ የተሻሻለ። በዛ ስምምነት መሰረት አንድ ሀገር ትምህርት ቤቶቿን፣ ፈተናዋን፣ የምስክር ወረቀት አሰጣጧን ለአይኤምኦ ማሳወቅ አለባት፣ ከዛም በየአምስት አመቱ በገለልተኛ ሰው አስገምግማ ሪፖርት ታደርጋለች። ያን ያላሟላ ሀገር ልጅ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን የውጭ ኩባንያ አይቀጥረውም፣ በቃ ወረቀቱ ወረቀት ነው። እና ይሄን ሁሉ ደንብ ሚያነብ፣ ሚያረቅ፣ ትምህርት ቤት ሚመረምር ሰው ከየት ይመጣል? አይኤምኦ በ1983 ስዊድን ማልሞ ላይ የዓለም የማሪታይም ዩኒቨርሲቲን፣ በ1988 ደግሞ ማልታ ላይ የባህር ህግ ኢንስቲትዩትን የከፈተው ታዳጊ ሀገራት ውስጥ እንደዚህ አይነት ሰው ስለጠፋ ነው። የአበል ስልጠና አለ፣ አልክድም። ግን ከኔ ደሞዝ ታናናሾቼ ይማራሉ፣ እናቴ መድሃኒት ትገዛለች። እሱን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የቀረ ነገር ሊሉት አይችሉም።

ትራንዚተሩ፦ ላንተ ደስ ይለኛል ልጄ፣ ከልቤ ነው። ግን አንተ ራስህ ያስተማረችህ ይቺ ሀገር ናት፣ ምታገለግለው የሌላ ሀገር መርከብ ነው። የሀብታም መርከብ ርካሽ ሰራተኛ ይፈልጋል፣ ስልጠናውም ለዛ ይመቻቻል። ገንዘቡንም እየው። ለጋሽ ሚከፍለው ለሚያሳስበው ነገር ነው። አውሮፓ ህብረት 10 ሚሊዮን ዩሮ አውጥቶ በአለም ላይ አምስት ማዕከል ተከፈተ፣ የአፍሪካው ሞምባሳ ላይ ነው፣ ስራው ምንድነው ቢባል የመርከብ ጭስ መቀነስ። ኖርዌይም በአይኤምኦ በኩል ከምትደግፋቸው ፕሮግራሞች አንዱ እሱው ነው፣ ጭስ። ጭስ አይቀነስ አላልኩም! የኛ መርከቦች ስንት ሆነው ነው? የኛ ችግር እቃው ከመርከብ ከወረደ በኋላ ነው ሚጀምረው። ጅቡቲ፣ ጋላፊ፣ ሰመራ፣ ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ይሄን መንገድ ሚያውቀው ሹፌሩ ነው። ከአዋሽ ሀራ ገበያ ይደርሳል የተባለው ባቡር ሃዲዱ እዚህ አጠገባችን ተዘርግቶ መደበኛ ጭነት ሳናይበት አመታት ሄዱ፣ በላዩ ጦርነቱ መጣ፣ በኛ አቆጣጠር በ2014 የሆነውን ሁላችንም አይተናል፣ ፋብሪካው ተዘረፈ። እዚህ ላይ የለንደኑ ትብብር ምን አለ?

ባህረኛው፦ ባቡሩ የአይኤምኦ ስራ አይደለም እኮ ጋሼ፣ ያልተላከበትን ለምን አላመጣህም ማለት ነው ሚሆነው። ገንዘቡ የለጋሽ ብቻ ነው ያሉትም ትክክል አይደለም፣ የትብብር ፈንዱ ገንዘብ ከድርጅቱ የህትመት ሽያጭም ይመጣል። መርከብ የግድ ሚይዛቸው የህግ መጻሕፍት አሉ፣ እነሱን ሚገዛው የመርከብ ባለቤት ነው። ርካሽ ሰራተኛ ላሉት ደግሞ እኔ የማገኘውን እዚህ ማን ሊከፍለኝ ነበር?

አሁን ወደ ቀይ ባህር ይምጡ። የኛ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ የፋብሪካ መለዋወጫ አብዛኛው በጅቡቲ ነው ሚገባው፣ የቀይ ባህር መግቢያው ባብ ኤል መንደብ ከታወከ ደሴ ገበያ ላይ ዋጋው ይሰማል። የሶማሊያ የባህር ላይ ዘራፊዎች ባስቸገሩ ጊዜ በ2009 ጅቡቲ ላይ የስነምግባር ደንብ ተፈረመ፣ አይኤምኦ ነው ያሰባሰበው፣ ኢትዮጵያ ባህር ሳይኖራት መጀመሪያ ከፈረሙት አንዷ ናት። የመን፣ ኬንያና ታንዛኒያ ላይ የመረጃ ማዕከል፣ ጅቡቲ ላይ የስልጠና ማዕከል ተሰራ፣ መረጃ ሳይለዋወጡ ይኖሩ የነበሩ ሀገራት ስልክ መደዋወል ጀመሩ። ሴፈር ሚባለውንም አስቡት፣ የመን ዳርቻ ላይ የበሰበሰ መርከብ፣ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ዘይት በሆዱ ይዞ አመታት የቆመ። ቢፈነዳ ቀይ ባህር በዘይት ተሸፍኖ ነበር። በ2023 ክረምት ላይ ዘይቱ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ፣ የተባበሩት መንግስታት ስራ ነው፣ አይኤምኦ ደግሞ በባለሙያ ምክርና በአደጋ ዝግጅት ረድቷል። ያልደረሰ አደጋ ስለሆነ ማንም አያወራለትም፣ እኔ ግን በዛ መስመር ሳልፍ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ትራንዚተሩ፦ የሴፈሩን እቀበላለሁ። ትልቅ ስራ ነው፣ እንዲህ በዝርዝር አላየሁትም ነበር። የዘራፊውን ግን ግማሹን ነው ምቀበልህ፣ የጦር መርከቦቹም እዛው ነበሩ እኮ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሁቲዎች መተኮስ ሲጀምሩስ ስልጠናው ምን አደረገ? ሩቢማር ሚባል መርከብ ማዳበሪያ እንደጫነ ተመቶ በማርች 2024 ሰመጠ። የኛ ጭነት አልነበረም፣ ግን የኛም ማዳበሪያ ሚመጣው በዛው ባህር ነው።

ባህረኛው፦ ሚሳኤልን ስልጠና አያስቆምም፣ እውነት ነው። ግን የእርስዎን ስራ በቀጥታ ሚነካ ሌላ ልጨምር። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ አባል ሀገራት የመርከብን ወረቀት በአንድ የኮምፒውተር መስኮት መቀበል ግዴታ ሆኗል፣ ለጉምሩክ ለብቻ ለኢሚግሬሽን ለብቻ ለጤና ለብቻ መባሉ ይቀራል። አንጎላ ሎቢቶ ወደብ ላይ ከሲንጋፖር ጋር ሆነው ሞክረውታል። መርከብ ቶሎ ከተስተናገደ እቃዎም ቶሎ ይወርዳል።

ትራንዚተሩ፦ እዚህ «ሲስተም የለም» ሲባል ውለን እንገባለን፣ አንተ ስለ ሎቢቶ ትነግረኛለህ።

ባህረኛው፦ ሲስተም የለም ሚባለው ሰው ስላልሰለጠነም እኮ ነው! ደግሞ ባህር የለንም ማለት ከባህር ስራ ወጥተናል ማለት አይደለም፣ ወደብ የሌለው ሀገር ባንዲራውን መርከብ ላይ መስቀል እንደሚችል ከ1921 የባርሴሎና መግለጫ ጀምሮ የታወቀ መብት ነው። የአለም ትልቁ የኮንቴነር መርከብ ድርጅት ኤምኤስሲ ዋና ቢሮው ጄኔቫ ነው፣ ስዊዘርላንድ ደግሞ የትኛው ባህር አላት?

ትራንዚተሩ፦ እሷ ገንዘብ አላት። ባህረኛነቱንስ እኛም በፈረንጆቹ ከ1964 ጀምሮ መርከብ ድርጅት ያለን ሰዎች ነን፣ እሱን ማንም አይነግረኝም።

የኔ ነጥብ ይሄ ነው። ስልጠናው ጥሩ ነው ብንል እንኳን ማን ነው ሚሄደው? ሀላፊ ይሄዳል፣ ተመልሶ ሳይቆይ ሌላ መስሪያ ቤት ይዛወራል፣ ያወቀውን ይዞት ይሄዳል። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ቅጽ) ሚሞላው ልጅ፣ ኬሚካል የያዘ ኮንቴነር ላይ ያለውን የአደጋ ምልክት ማንበብ ያለበት የመጋዘን ሰራተኛ፣ ያው እንደ ድሮው በግምት ይሰራል። የቆዳና የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ላይ ነን እኮ! ያ ምልክት ካልተነበበ ሰው ሊያቃጥል ይችላል።

ባህረኛው፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም። የአደገኛ ጭነት ኮድ መርከብ ላይ ለኛ የየቀኑ ትምህርት ነው፣ እዚህ ደረቅ ወደብ ላይ ምልክቱን ሚያውቅ ሰው መጥፋቱ ያስፈራኛል። ግን መፍትሄው ትብብሩ ይቅር አይደለም፣ ሀገራችን ስትጠይቅ የደረቅ ወደብ ሰራተኛም ይካተት ብላ ትጠይቅ ነው። ድርጅቱ ሚረዳው ሀገሪቱ ይሄ ያስፈልገኛል ብላ በጠየቀችው ላይ ነው፣ ሳንጠይቅ ማንም አያመጣልንም። እኔ ራሴ ሳልመለስ በፊት ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ቀን ምልክቶቹን ላስተምር እችላለሁ፣ አበል አልፈልግም።

ትራንዚተሩ፦ ና እንግዲያው። ሰኞ ብዙው ሰው ባቲ ገበያ ነው ሚውለው፣ ማክሰኞና ረቡዕ ይሁን። ቦታውን እኔ አመቻቻለሁ፣ ጫኝና አውራጆቹንም ልጆቹንም እሰበስባለሁ። በትብብሩ ላይ ግን አቋሜን አልቀየርኩም። ቀጣዩ የስልጠና ዝርዝር ሲወጣ ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የአንድ ልጅ ስም ካየሁበት ያኔ መልሰን እንነጋገራለን።