ስንት ገዛኸው?

ሰኞ ጠዋት ሳይክሌን የመሥሪያ ቤታችን አጥር ላይ አስደግፌ፣ ገና ሰንሰለቱን ሳልቆልፍ ጥበቃው ከወንበሩ ብድግ አለ። እንዴት አደሩ አላለኝም። መሪው ላይ ያሰርኳትን አዲስ መብራት በጣቱ ነካ ነካ አደረጋትና «ጋሼ፣ ስንት ገዟት?» አለኝ። «ሁለት ሺህ ስድስት መቶ።» ከንፈሩን መጠጠ፤ ለቅሶ ቤት የሚመጠጠውን ዓይነት። «ተበልተዋል» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። የተበላሁት እኔ ቆሜ ቀረሁ።

እስከ ምሳ ስድስት ሰው ጠየቀኝ። ቆጥሬያለሁ። የመዝገብ ቤቷ ጠየቀች፣ ቡና የምታፈላልን ልጅ ጠየቀች፣ በዕድሜው ሳይክል ላይ ወጥቶ የማያውቀው አለቃዬ በመስኮት አጮልቆ ጠየቀ። ስድስቱም ዋጋ ነው የጠየቁኝ። ታበራለች ወይ ያለኝ አንድ ሰው የለም። መብራት እኮ ናት!

ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሦስት ሺህ ካልክ ተዘርፈሃል። አንድ ሺህ ካልክ «ምነው ባማከርከኝ» ትባላለህ። አንድ ጊዜ ጫማ ገዝቼ ልፈትናቸው ብዬ ከከፈልኩት ግማሹን ቀንሼ ተናገርኩ። ጎረቤቴ ዓይኑን ሳያሽ «በዚህ ዋጋማ ሁለት ይሰጡህ ነበር» አለኝ። ሌላ ጊዜ ጃኬት ለብሼ «በስጦታ ነው» አልኩ። «ምን ፈልጎብህ ነው?» ተባልኩ። በነፃ ወስጄ እንኳ የተበላሁ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ደግሞ ሁሉም «አንድ የማውቀው ልጅ» አለው። ይህ የማውቀው ልጅ ሁልጊዜ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ሁልጊዜም ዕቃውን ትናንት ጨርሷል።

ወደ መብራቷ ልመለስ። ሐኪም ደሜን አይቶ «ተንቀሳቀስ፣ ስኳርህ ዳር ዳር እያለ ነው» አለኝ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሁላችንም ሳይክል በሰዓት እየተከራየን ነው ያደግንባት። በአስፋልቷ ላይ ከሐይቁ ዳር እስከ መናኸሪያ ብትመላለስ ግን ግንባርህ አያልብም፤ እንኳን ስኳር ሊወርድልህ። ስለዚህ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል እየተነሳሁ አባይን ተሻግሬ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ፣ በከብት መሄጃው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ጀመርኩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ኮረብታ ነው፤ እሳቸው በመኪና ነው የወጡት።

ከተማ ውስጥ የሳይክል መብራት ሥራው ባጃጅ እንዲያይህ ነው፤ ቁልጭልጭ የምትል ትንሽ ነገር ትበቃለች። ከአስፋልት ከወረድክ ማየት ያለብህ አንተ ነህ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትነዳ በሰከንድ አራት ሜትር ትሄዳለህ። መብራትህ ስምንት ሜትር ካሳየችህ ሁለት ሰከንድ አለህ ማለት ነው። በሁለት ሰከንድ እኔ የምችለው የእመቤቴን ስም መጥራት ብቻ ነው፤ እሱንም በሙሉ አልጨርሰውም።

የመጀመሪያዋን መብራት በአራት መቶ ሃምሳ ብር ነበር የገዛሁት። ያኔ «ተበላህ» ያለኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ይህ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ካርቶኗ ላይ 20,000 ሉመን ይላል፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ውስጥ ያለው ኤች-ፎር የሚባለው አምፖል ረጅሙ ሲበራ 1,650 ሉመን ገደማ ነው። ስለዚህ በካርቶኑ መሠረት እኔ የአሥራ ሁለት የመኪና አምፖል ብርሃን መሪዬ ላይ አስሬ ነበር የምሄደው። አባይ ማዶ ያለ ዶሮ ሁሉ በኔ መብራት ነግቷል ብሎ መጮህ ነበረበት። አንድም አልጮኸም። አሥር ዋት የምትበላ ትንሽ መብራት በደህና ቀኗ አንድ ሺህ ሉመን ብትሰጥ ነው፤ ያም ለኮረብታው መንገድ ይበቃ ነበር፣ ቢኖር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቋንቋችን ግን እዚህ ላይ ትንቢት ተናግሯል። ባትሪ የምንለው የሚያበራውን ነው። ኃይሉን የሚይዘውን ነገር ድንጋይ እንለዋለን። «የባትሪ ድንጋይ አለ?» ብለን ነው ሱቅ የምንጠይቀው። ባለሱቁም የጠየቅነውን ነው የሚሰጠን። የዛሬው ድንጋይ 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። የኔው ላይ 9,900 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚል ጽሑፍ አለ፤ ድንጋዩ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚይዝ መናገሩ ነው። በዚህ መጠን ከሚሠሩት መካከል ጥሩ የሚባለው 3,500 አካባቢ ነው። እሱ እንኳ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12 ዋት-ሰዓት ተኩል ገደማ ይመጣል፤ አሥር ዋት ለምትበላ መብራት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ካርቶኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል። ካርቶን ምን ቸገረው።

ደህናው ድንጋይ ከ45 ግራም አይርቅም ሲባል ሰምቼ የኔን ይዤ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። በቀለበት ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት። 28 ግራም። የቀረው አየር ነው ወይስ ዱቄት እሱን ቀድጄ አላየሁም፤ እሳት ያስነሳል ይባላል። ወርቅ ሠሪው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየኝ። «ስንት ገዛኸው?» አለኝ።

ይህች ድንጋይ የጠፋችብኝ ቀን እንዲህ ነው። ከወንዙ ብዙም ሳልርቅ መብራቷ ቢጫ ሆነች፣ ቀጥላ ቀላች፣ ከዚያ የለችም። ወረድኩ። ጨለማው ውስጥ፣ ከፊቴ ይሁን ከጎኔ እንጃ፣ ሣር ይነጫል። ነጨት… ነጨት… ከዚያ ረዥም ትንፋሽ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መቆም እንደማይገባ የጣና ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ያላወቅኩት ውሃው በየት በኩል እንደሆነ ነው። ሳይክሌን እንደ አጥር ፊቴ አቁሜ አንድ ግማሽ ሰዓት ያህል ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ጸለይኩ። ለባለቤቴ ጉማሬ ነበር ብያታለሁ። ለእናንተ ግን፣ በሬም ሊሆን ይችላል።

ታሪኩን መሥሪያ ቤት ስነግር ሁሉም አዋቂ ሆኖ ተገኘ። «እኔስ ያኔውም ጠርጥሬ ነበር።» «እሷማ ሲያዩአት ታስታውቃለች።» እዚህ ላይ ነው የምወዳት ተረት የምትመጣው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከተረቶቻችን ሁሉ እሷን እመርጣለሁ። ጅቡን አትወቅስም፤ ጅብ ጅብ ነው፣ ሥራውን ሠርቶ ሄደ። ውሻውንም ፈሪ ነህ አትለውም። ጮኸ ብቻ ነው የምትለው። እኔ ግን ያንን ውሻ በደንብ አውቀዋለሁ። የሚጮኸው ጅቡ እንዲሰማው አይደለም፤ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ነቅቶ «አይ የኔ ጀግና» እንዲለው ነው። አህያዋ ተበልታለች፣ እሱ ይመሰገናል። ጠዋት ላይ ቁራሹም ይጨመርለታል። እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ውሻ ስድስት ነው። እነዚሁ ሰዎች ከመግዛቴ በፊት ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉኝ እንደነበር ደግሞ አውቃለሁ፦ «ርካሿን ውሰድ፣ ያው ናቸው።» ያው ናቸው! ይህቺ «ያው ናቸው» ስንቱን ገደል ከታዋለች፣ ስንቱን ፍሬን የሌለው ሳይክል ላይ አስቀምጣዋለች። ስልክ ቻርጀር ያው ነው፣ መድኃኒት ያው ነው፣ ጎማ ያው ነው። ያው ካልሆነ በኋላ ደግሞ «ስንት ገዛኸው?»

የዛሬን አያድርገውና እኔ ድንጋይ የማይፈልግ መብራት ነበረኝ። ዲናሞ። አባቴ ከቻይና ሳይክሉ ጋር ያወረሰኝ፣ ጎማው ላይ ተደግፎ የሚዞር፣ 6 ቮልት፣ 3 ዋት፤ አብዛኛውን ለፊቱ አምፖል፣ ትራፊውን ለኋላው ቀይ። ጉድለቱ አይካድም። ዳገት ላይ ስትቀንስ እሱም ይቀንሳል፣ ልክ ብርሃን የምትፈልግበት ቦታ ላይ ስትቆም ጭልም ይላል። ግን የእግርህን ያህል ነበር የሚሰጥህ፤ ካርቶን ላይ የተጻፈ ውሸት አልነበረበትም። ማታ ማታ ስመለስ እንደ ንብ እያንዣበበ ነው የሚመጣው፣ እናቴ ከድምፁ ለይታው ራት ታቀርብ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ወሰደው። «ለአንድ ማታ» ብሎ። ሰርግ ነበረበት። ሰርጉ አለቀ፣ መልሱ አለቀ፣ ቅልቅሉ አለቀ፣ ሙሽሮቹ ወለዱ። ስጠይቀው «እዚያው ሳይክሉ ላይ ነው፣ ፈትቼ አመጣልሃለሁ» ይላል። ክርስትና ላይ ጠየቅኩት። ለቅሶ ላይ መጠየቅ ነውር ሆኖብኝ ዝም አልኩ፣ በሠልስቱ ጠየቅኩት። የገዛ ሰርጌ ዕለት ማታ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሆኜ፣ ያንን የንብ ድምፅ ከውጭ ሰማሁ። በዲናሞዬ እያበራ ሰርጌ ላይ መጣ! ሙሽራ ነኝ፣ ምን ላድርግ? ሚዜዎቼ አፋፍሰው ይዘውኛል። በኋላ ሳነሳበት «አንተ ደግሞ፣ በዚህ ዘመን ዲናሞ!» ብሎ በሰው ፊት አሳቀብኝ። አሁን መኪና አለው። ዲናሞው የት እንደደረሰ እሱና አምላኩ ያውቃሉ። ሰው ይቅር በል ይለኛል። ብዬዋለሁ፤ ስለ ሌላው ሁሉ።

ምን ላይ ነበርኩ? ሁለተኛዋ መብራት። እሷን ስገዛ ለማንም ሳልናገር ከአንድ ሳይክል ጠጋኝ ጋር ተማከርኩ። ከጀርባ ያለችው ጨለማ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብተን በሩን ዘግተን ሃያ ደቂቃ አበራናት፤ ውጭ የቆሙት ምን እንዳሉን አላውቅም። ገላዋ አሉሚኒየም ነው፣ እጅ እስኪያቃጥል ሞቀ። ጠጋኙ ደስ አለው። «ሙቀቱ ወደ ውጭ ከመጣ ጥሩ ነው ጋሼ፣ ፕላስቲኳ ቀዝቅዛ ትይዝሃለች፣ ውስጥ ውስጡን ግን እየተጠበሰች ነው።» ድንጋይዋም ይወጣል፣ ይቀየራል፤ አብሯት የሚሞት አይደለም።

ግንባር ላይ የሚታሰረውንም ሞክሬዋለሁ፣ ዋጋው ቀለል ይላል። ግን ድንጋይን፣ ይሄ የመንገዱን ድንጋይ ማለቴ ነው፣ የምታየው በጥላው ነው። መብራቱ ከዓይንህ አጠገብ ሲሆን ጥላው ከድንጋዩ ጀርባ ይደበቃል፣ መንገዱ እንደ እንጀራ ተዘርግቶ ይታይሃል፤ ከዚያ ትወድቃለህ። መሪ ላይ ሲሆን ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ እያንዳንዷ ጠጠር ጥላዋን ትዘረጋለች። የግንባሩ የሚጠቅመው መታጠፊያ ላይ አንገትህን ባዞርክበት ስለሚያይልህ ነው። ሐይቁ አጠገብ ግን የጣናን ትንኝ ሁሉ ፊትህ ላይ ይጠራል፤ አንድ ጠዋት ቁርሴን ኮረብታው ሳልደርስ በልቼ ነበር።

አንድ ነገር አጥፍቻለሁ፣ ልናዘዝ። በመጀመሪያው ቀን አዲሷን መብራት ቀና አድርጌ አስሬያት ኖሮ ኪዳን ሊያደርሱ የሚሄዱ እማሆይ ላይ አበራሁባቸው። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አድርገው ቆሙ። «ልጄ፣ ፀሐይቱን የት አግኝተህ ነው በሌሊት የምትዞርባት? ዝቅ አድርጋት!» ዝቅ አደረግኩ። በዚህ ሳምንት ስለ መብራቷ ዋጋ ሳያነሳ ያናገረኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ቻርጅ የማድረጉ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ከዚሁ ሐይቅ ውሃ እየወሰደ የሚሠራው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው የተገመተለት፤ ጢስ አባይ ጎረቤታችን ነው፤ የኔ መብራት የምትፈልገው አሥራ ሁለት ዋት-ሰዓት ነው። ማታ ሰክቻት ስነሳ ግን ሶኬቱ ጭር ብሏል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። አሁንም ይህን የምጽፈው ጠረጴዛ ላይ አቁሜያት ነው፣ በትንሿ ደረጃ።

ስለ ጥያቄው ልጨርስ ብዬ ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ነው። «እንዴት ነህ ወንድምዓለም፣ ቤተሰብ ደህና? ደህና መብራት ገዛህ አሉኝ። ነገ ገጠር ተዝካር አለብኝ፣ መኪናው ከማይደርስበት በእግር ነው የምንገባው። ለአንድ ማታ ብቻ…»

ስንት እንደገዛኋት እንኳ አልጠየቀኝም።