እርማት፦ «ለፌቭር» ትኩሳት ማለት አይደለም

ለፌቭር የሚለው የፈረንሳይ የቤተሰብ ስም «ትኩሳት» ማለት ነው፣ ሲጻፍ ገብቶ ሲነበብ የሚዋጠው «ቤ» የተባለው ፊደል ደግሞ የመሳፍንት ዘር ምልክት ነው ተብሎ ይነገራል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ስሙ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ከነበረው «ፌቭር» የመጣ ነው፤ ሥሩ የላቲኑ «ፋበር» ነው። ትኩሳት «ፊየቭር» የሚባለው ከሌላ የላቲን ቃል፣ ከ«ፌብሪስ» ተወስዶ ነው። ደግሞም አንስታይ ስለሆነ በፈረንሳይኛ የአንስታይ ስም መቅድም የሆነው «ላ» እንጂ የተባዕቱ «ለ» አይቀድመውም፤ ይህ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋዋል።

«ቤ»ን የጨመሩት በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ገደማ የነበሩ ጸሐፊዎች ናቸው፤ ቃሉ ላቲኑን እንዲመስል ብለው። ያኔ «ዩ» እና «ቬ» ተለይተው ስለማይጻፉ አንዳንዱ «ለፌቡር» ብሎ አነበበው፤ እሱም ራሱን የቻለ ስም ሆኖ ቀረ። ከመሳፍንትነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የናፖሊዮን ማርሻል ፍራንሷ ጆዜፍ ለፌቭር እንኳ የዳንዚግ መስፍን የተባለው በሹመት እንጂ በትውልድ አይደለም።

የዘር ሐረጋችሁን ለማወቅ መዝገብ የምትፈትሹ ሰዎች በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። ያንኑ ቤተሰብ አንዱ ቄስ በ«ቤ»፣ ሌላው ያለ «ቤ» ጽፎት ይገኛል። በደቡብ ፈረንሳይ ፋብር እና ፎር፣ በሳቮዋ ግዛት ፋቭር፣ በብሬታኝ ግዛት ለጎፍ ያው ቀጥቃጭ ናቸው፤ ግን ትርጉሙ አንድ ስለሆነ ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም፣ ቀጥቃጭ በየመንደሩ ነበር። መጀመሪያ ቀበሌውን እወቁ፤ እ.ኤ.አ. ከ1792 ወዲህ ያለው በማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ ከዚያ በፊት ያለው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የፓሪስ ከ1860 በፊት ያለው ግን በ1871 ስለተቃጠለ የተገኘው ከፊሉ ብቻ ነው።