ያሬድን ዛፍ ሥር ትተነው አንሂድ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥራ ስልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። መድረኩ ላይ ያለው አነቃቂ ተናጋሪ ከአንዱ የፈረንጅ ቢሊየነር ወደ ሌላው ሲዘል ቆየና፣ ልክ ምሳ ሊደርስ ሲል ቅዱስ ያሬድ ላይ ደረሰ። «ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ! በሰባተኛው ወጣ! እናንተስ ስንቴ ሞከራችሁ?» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፣ አልዋሽም። ትሉን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ።

ቤቴ ስገባ ግን የሆነ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ያሬድን ሁልጊዜ ትተነው የምንሄደው እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ትሉ ይወጣል፣ ልጁ ይነሳል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም የኖረ ሰው ነው። አጎቱ አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን መምህር ነበሩ። ልጁን ሊያስተምሩ ወሰዱት፣ ትምህርቱ አልገባው አለ፣ ገረፉት። ሸሸ። ማይ ኪራሕ የሚባል ቦታ ደርሶ ዛፍ ሥር አረፍ ባለበት አንድ ትል ግንዱ ላይ ሲወጣ ሲወድቅ አየ። ትሉ በመጨረሻ ሲሳካለት ያሬድ አለቀሰ፣ ወደ አጎቱም ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ገባው። (ትሉ ስንቴ እንደወደቀ ተራኪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ስድስት ይላል፣ ሌላው ሰባት። እኔ ጸብ የለኝም።)

በነገራችን ላይ ስለ ጅራፉ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ወላጆቻችን «ያሬድም ተገርፎ ነው ሰው የሆነው» ይሉን ነበር። የታሪኩ ባለቤቶች እንዲህ አላሉም። ግርፊያው ልጁን ከቤት አባረረው፣ ሌላ ምንም አላደረገለትም። ያስተማረው ትሉ ነው፣ ያውም ማንም ሳይቆጣው ብቻውን ተቀምጦ ያየው ትል። እኔ ማባዛት ጠፍቶብኝ ተገርፌ የሸሸሁ ቀን እንደ እሱው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነበር። ያገኘኝ ጉንዳን ነው፣ እሱም ነከሰኝ። ስንቱ ልጅ እንደሸሸ ቀርቶ ይሆን? ገድል የሚጻፈው ለተመለሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ያሬድ አድጎ የታወቀ ማሕሌታይ ሆነ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ዜማዎች ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች አስተማሩት ይላል ትውፊቱ። አንድ ቀን በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ ከመመሰጣቸው የተነሳ የያዙትን ጦር እግሩ ላይ ተከሉት። ደሙ ይፈሳል፣ ዜማው ይቀጥላል። የተወጋውም አላወቀ፣ የወጉትም አላወቁ። ሲጨርስ ንጉሡ ደነገጡና ስለ ደምህ ዋጋ የፈለግከውን ጠይቀኝ አሉት።

እዚህች ጋ ትንሽ ቆም እንበል። አገር የሚገዛ ሰው «የፈለግከውን» ብሎሃል። የስልጠናው ሰውዬ ይህቺን ቢያገኝ ምን እንደሚያደርጋት መገመት አያቅትም፦ «ዕድል በር ስታንኳኳ ያሬድ ዝግጁ ነበር!» ምን ጠየቀ? ርስት? ሹመት? ያሬድ የጠየቀው መሄድን ነው። አሰናብቱኝ፣ መንኩሼ ልኑር አለ። ንጉሡ አዘኑ፣ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። እሱም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፣ ግንቦት 11 ቀን በዚያው ተሰወረ ይባላል። ትል ሲወጣ አይቶ የተነሳ ልጅ፣ ከሁሉ በላይ የወጣ ዕለት «ይብቃኝ» አለ። ይህን ስላይድ ላይ ለጥፎ ማን ያነቃቃበታል?

እውነት ተደርጓል ወይ የሚል አይጠፋም። ገድሉ የተጻፈው ከሱ ዘመን ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ ስለሆነ ትሉንም ጦሩንም በሰነድ አረጋግጥ ብትሉኝ አልችልም። ለክብሩ ግን ትሉ ብዙም አያስፈልገውም። በስሙ የሚጠሩት የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጻሕፍት፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት፣ ዛሬም ይዜማሉ፣ ከበሮና ጸናጽሉ ዛሬም አለ።

እዚህ ላይ ሌላ የምንዘላቸው ሰዎች አሉ። ድጓ ገልጣችሁ ካያችሁ ከፊደሉ በላይ የተነጠቡ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ጭረት ይባላሉ። ድምፁ የት እንደሚረግጥ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። እነዚህን ምልክቶች የሠሩት፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ያሬድ ካለፈ ሺህ ዓመት ሊሞላ ሲል ማለት ነው። እስቲ ጌራ የሚባል ትምህርት ቤት ወይ አደባባይ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ስም እንኳ ያልቀረላቸው ደግሞ አሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምን የቆሎ ተማሪ። ቀን ይለምናል፣ ሌሊት ያዜማል። ድጓውን ከዘለቀ በኋላ ማወቁን ሊያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ደግሞ ዙር አምባ። ይህ የዓመታት ጉዳይ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚያጨበጭብለት አዳራሽ የለም።

የእናቴ አጎት መሪጌታ ነበሩ። ጎረምሳ ሳለሁ፣ ልክ እንደ ሰልጣኙ አዳራሽ በትሉ ተነቃቅቼ፣ «አባባ፣ እርስዎም ድጓውን ሲማሩ ትሉን እያሰቡ ነው የበረቱት?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

«ትሉማ ባንድ ቀን ጨረሰ እኮ፣ ልጄ።»

ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ሰዓታት ሄዱ።