ካሜራው ከአዳራሽ ይውጣ

የክልል ቴሌቪዥን ዜና እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። መጀመሪያ ባነሩ ይታያል። ቀጥሎ በረድፍ የተቀመጡ ሰዎች። አንዱ አጎንብሶ ማስታወሻ ይይዛል፤ ፊት ለፊቱ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። ከዚያ ኃላፊው ይናገራሉ። ማዕረጋቸው ከመርዘሙ የተነሳ ስማቸው እስኪጠራ መሥሪያ ቤቱ ይረሳል። መጨረሻ ላይ ሁለት ተሳታፊዎች ብቅ ብለው "ከመድረኩ ጥሩ ግንዛቤ አግኝተናል" ይላሉ። አለቀ። ስብሰባው ደብረ ማርቆስ ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ የዘንድሮ ይሁን የዛሬ አምስት ዓመት፣ ከባነሩ በቀር መለያ የለውም።

ይህን የምለው ለማሾፍ ብቻ አይደለም። (ትንሽ ለማሾፍም ነው።) ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ጎጃም አሁን የራሱ የሚለው ጣቢያ፣ አሚኮ፣ ባሕር ዳር ላይ አለው። በቅርብ ርቀት የሚገኝ ጣቢያ ከሩቁ ጣቢያ የሚበልጠው በቅርበቱ ነው። ቅርበቱን ካልተጠቀመበት ምኑን ቀረበ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ያውም አዲስ አበባ ላይ። ቀለም ያገኘው የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሲደርስ ነው። በዚያ ዘመን ሁሉ ጎጃም በቴሌቪዥን የሚታየው ትልቅ ሰው ከላይ ሲመጣ ነበር። ባለሥልጣኑ ሲመጣ ካሜራው ይመጣል፤ ሲሄድም አብሮት ይሄዳል።

ዛሬ አሚኮ የምንለው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሥራ የጀመረው በቴሌቪዥን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በበኩር ጋዜጣ ነው። ከዚያ ራዲዮው መጣ። ቴሌቪዥኑም መጀመሪያ የራሱ ቻናል አልነበረውም፤ ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ሰዓት ወስዶ ነበር የሚያሰራጨው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ የሳተላይት ቻናል የሆነው ከዓመታት በኋላ ነው። ስሙም ከብዙኃን መገናኛ ድርጅት ወደ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ተቀየረ።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ጉዞ ያመጣው ለውጥ ነው። የአየር ሰዓቱ ትንሽ በነበረበት ጊዜ መምረጥ ግድ ነበር። ዛሬ 24 ሰዓት አለ፤ 24 ሰዓት ደግሞ ሆዱ አይሞላም። ቶሎ የሚገኘውና በርካሽ የሚሞላው ነገር ደግሞ ስብሰባ ነው።

ጋዜጠኞቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ አይደለም። በዞን ከተማ ያለ አንድ ሪፖርተር ቀኑ እንዴት እንደሚውል አስቡት። ጠዋት ቢሮ ሲገባ "ሽፋን እንዲሰጠን" የሚል ደብዳቤ ይጠብቀዋል። አዳራሹ በእግር የሚደረስበት ነው። ራቅ ካለም አዘጋጁ መኪና ይልካል። አበልም ይኖራል፤ በአገራችን ሚዲያ ይህን የማያውቅ የለም። ከሰዓት ተመልሶ ያጠናቅራል፣ ድምፁን ይቀዳል፣ ይልካል። ማታ ዜናው ይወጣል። ከአለቃውም ከአዘጋጁም ወቀሳ የለበትም።

አሁን ደግሞ ያው ሰው ጮቄ ተራራ ወጥቼ የገበሬውን ማሳ ልቅረጽ ቢል ምን ይገጥመዋል? መኪና መጠየቅ አለበት። ነዳጅ አለ? ሹፌሩ ነፃ ነው? አንድ ሙሉ ቀን ይሄዳል። ደርሶም ገበሬው "ማዳበሪያው በሰዓቱ አልደረሰልንም" ካለው፣ ያንን አየር ላይ ለማዋል ሌላ ሦስት ስልክ መደወል ይኖርበታል። ጣቢያው ተጠሪነቱ ለክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ትልቁ በጀቱም ከመንግሥት ካዝና ነው የሚመጣው። በዚህ ቤት ውስጥ በስብሰባ ዜና የተቀጣ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ከአዳራሹ ውጭ ግን ስንት ነገር አለ! ፋግታ ለኮማን እንውሰድ። አዊ ዞን ውስጥ ያለ ወረዳ ነው። አሲዳም የሆነው አፈር ምርት አልሰጥ ሲል ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል። ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራው በዚህ ነው። በኋላ ዛፉን በሽታ ገባበት። እንዲህ ያለ ታሪክ በተከታታይ ፊልም ቢሠራ ዓመት አያልቅም። የአፈር አሲዳማነቱ ብቻውን፣ አሲዱን ለመቀነስ የሚበተነው የኖራ ጉዳይ፣ ኖራው ማሳው ድረስ እንዴት ይጓጓዛል የሚለው፣ ለምሥራቅም ለምዕራብም ጎጃም ገበሬ ከማንኛውም የአቋም መግለጫ በላይ ነው።

ቆጋም አለ። 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ የመስኖ ግድብ፣ ያውም ከጣቢያው ቅርብ፣ መራዊ አጠገብ። ጉብኝት ሲኖር ይታያል። ውሃው ለማን በየትኛው ቀን እንደሚደርስ፣ ቦዩ ሲደፈን ማን እንደሚጠርግ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በውሃ ሲጣላ ማን እንደሚዳኝ ግን ጉብኝት አያሳይም።

የሚመሰገነውንም እንመስግን። በአገውኛ መሰራጨቱ ትልቅ ነገር ነው። እናቴ በምትሰማው ቋንቋ ዜና መስማት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቀው ማስረዳት ይከብዳል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡም ካሜራው ከአዳራሽ ይወጣል፤ ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ሌላ ቴሌቪዥን ይመስላል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞቹ ማኅበር ፈረሶቹን ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንደሚያቆይ ግን ጥር 24 ላይ ጠያቂ የለም።

ተመልካቹ ሰነፍ አይደለም። ጣቢያዎቻችን ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ሰው ከኪሱ ከፍሎ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረውን ዲሽ ወደ ምሥራቅ አስዞረ። ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ ሆኖ "አሁንስ?" ሲል፣ ከታች ልጁ "ትንሽ ወደ ግራ! መጣ! ኧረ ሄደ!" ሲል ያልሰማ ሰፈር የለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋም ሰው ዓይኑን የጣለው ቴሌቪዥንና ራዲዮ ላይ ነው። መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ምሳ ቤት ገብታችሁ ታዘቡ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ማንም አያየውም። የመድረክ ዜና ሲጀምር አስተናጋጇ ሪሞቱን ታነሳለች። "የጤፍ ዋጋ" የሚል ቃል ከተሰማ ግን ጥግ ላይ ያሉት አባት ጉርሻቸውን ያዝ አድርገው "እስኪ ድምፁን ጨምሪው፣ ልጄ" ይላሉ።

ስለ ክምችት ክፍሉም ላንሳ፤ ሰው ልብ የማይለው እሱን ነው። በካሴት ዘመን ካሴት ውድ ስለነበር በተቀዳው ላይ መልሶ መቅዳት በየጣቢያው የተለመደ ነበር። አሁን በዲጂታሉ ዘመን ሁሉን ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ምን እያስቀመጥን ነው? ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ መጥቶ የዚህን ዘመን ጎጃም አሳዩኝ ቢል የምናወጣለት ባነር ነው? የቢቸና ገበያ ምን ይመስል እንደነበር፣ ደጀን ላይ የዓባይን በረሃ ሊወርዱ የቆሙ የጭነት ሾፌሮች ምን ያወሩ እንደነበር የሚያስቀምጥልን ሌላ ማን አለ?

"በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ገጠር ውጡ ማለት ይቀልሃል" የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ መንገዱ አይታመንም፤ የማንም ሪፖርተር ሕይወት ለአንድ ዜና አይሰጥም። ግን እያንዳንዱ ከተማ ውስጥ ገበያ አለ። ወፍጮ ቤት አለ። ጤና ጣቢያ፣ መናኸሪያ አለ። እነዚህ ሁሉ ከአዳራሹ ሩቅ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በሩ ላይ ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በአንድ የዜና እወጃ ከአንድ በላይ የስብሰባ ዜና አይግባ። የቀረው ስብሰባ ካለ አንባቢዋ በሁለት መስመር ታንብበው። ለደብረ ማርቆስ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለእንጅባራ ቢሮዎች በሳምንት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ግማሽ ሰዓት ይሰጣቸው፤ ርዕሱንም ራሳቸው ይምረጡ። ለመስክ የሚሆን ነዳጅና አበል ጣቢያው ራሱ ይመድብ፤ ሪፖርተሩ የአዘጋጅ መኪና አይጠብቅ። ከምን እንጀምር ካሉ ደግሞ ከገበያ ዋጋ ይጀምሩ። በየሳምንቱ የጤፍ፣ የበቆሎና የስንዴ ዋጋ በየከተማው ስንት ዋለ፣ ካለፈው ሳምንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ፣ ነጋዴውስ ሸማቹስ ምን ይላሉ። አንድ ካሜራና አንድ ጠዋት ይበቃል።