አንዴ ተፈትኖ የወደቀ ልጅ አይችልም ማለት ነው?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአእምሮ ብቃት ፈተና ልጆችን ገና አንደኛ ክፍል ላይ ለመመደብ ይጠቅማል ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከኢትዮጵያ እስራኤል በገቡ ልጆች ላይ የታየውን ልጥቀስ።

ተመራማሪዎቹ ጹሪኤልና ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያ የገቡና እዚያው እስራኤል የተወለዱ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፈትነዋል። አንዱ ፈተና ሬቨን የሚባለው ባለቀለም የሥዕል ፈተና ነው። ቁራጭ የጎደለው ሥዕል ይቀርባል፤ ልጁ ከስድስት አማራጮች የሚገጥመውን ይጠቁማል። ቋንቋ ስለማይጠይቅ ለሁሉም እኩል ነው ይባላል። እንዴት ሆኖ? እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ የማያውቅ ልጅ ሥዕል ሲገጣጥም ካደገው ጋር እኩል አይጀምርም። የኛ ልጆች በሬቨን እዚያ ከተወለዱት ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ።

ጥናቱ ግን እዚያ አላቆመም። በሌሎች የማመዛዘን ፈተናዎች መጀመሪያ ፈተኗቸው፤ ከዚያ አብረዋቸው ቁጭ ብለው እንዴት እንደሚያነጻጽሩ፣ ሳይቸኩሉ እንዴት እንደሚያዩ አሳዩአቸው፤ እንደገና ፈተኗቸው። በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል የነበረው ልዩነት በጣም ጠበበ። ልጆቹ ያው ናቸው! የእስራኤሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ፎየርስታይን ለዓመታት ሲወተውት የኖረውም ይህንኑ ነው፤ የልጁ የመማር አቅም የሚታየው እያስተማሩ ሲፈትኑት ነው።

ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢኔም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1905 ከባልደረባው ከሲሞን ጋር የአእምሮ ብቃት ፈተና ያዘጋጀው ተጨማሪ እገዛ የሚያሻቸውን ልጆች ለመለየት ነበር፤ አይችሉም ብሎ ለመፈረጅ አልነበረም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ተፈትኖ ውጤቱ ሲነገራችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። አሠራሩን አሳይታችሁት ነው ወይ የፈተናችሁት ብላችሁ ጠይቁ። ካላሳዩት አሳይተው ደግመው ይፈትኑት።